ሃሎዊን በአንቺሆዬ ቅኝት

ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤት የቫዮሊንና የቼሎ አስተማሪ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት፣ ፕሪንሲፓሏ ቢሮዋ ጠርታ ለሃሎዊን ኮንሰርት አስፈሪ ሙዚቃ እንዳዘጋጅ ነገረችኝ። አዲስ አበባ ቫዮሊን ስማር ሙዚቃ ያስለቅሳል፣ ያስጨፍራል ሲባል ነው የሰማሁት፤ ያስፈራል ያለኝ አልነበረም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ለጀማሪ ተማሪዎች የተጻፉ፣ ሽፋናቸው ላይ የራስ ቅል የተሳለባቸው ኖታዎች ገዛሁ። የመጀመሪያውን ስንጫወተው ልጆቹ ሳቁ። በሁለተኛው ቪዮላ የሚጫወቱት አዛጉ። የክፍሉ ቃል አቀባይ የነበረች አንዲት ቼሎ ተጫዋች እጇን አውጥታ፣ በትሕትና፣ ይሄ የሕፃናት ነው፣ አያቴ ሲያንኮራፉ እንኳ ከዚህ የበለጠ ያስፈራሉ አለችኝ።

ክፍለ ጊዜው አልቆ ዕቃቸውን ሲሰበስቡ፣ ተስፋ ቆርጬ የራሴን ቫዮሊን አነሳሁና ዝም ብዬ መጫወት ጀመርኩ። እጄ የሄደው አንቺሆዬ በምንለው ቅኝት ወደሚዘፈን አንድ የሠርግ ዜማ ነበር። ደክሞኝ ስለነበር በጣም አዝግሜ ነው የተጫወትኩት። ቀና ስል ክፍሉ ጸጥ ብሏል።

ቼሎ ተጫዋቿ ክንዷን እያሻሸች፣ "ይሄ ምንድን ነው? ሰውነቴን ወረረኝ" አለች።

የሠርግ ዘፈን ነው ልላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። "የአገሬ የቆየ ዜማ ነው" አልኳት። ውሸት አልነበረም። ለእኛ ሙሽራ የሚያመጣው ድምፅ ለእነሱ ጆሮ ከመቃብር የሚነሳ ነገር ነበር።

ከዚያ ዜማውን ወደ ወፍራም ድምፅ አወረድኩት፤ ቼሎዎቹ ከሥር እንዲያጉረመርሙ፣ ቫዮሊኖቹ ከላይ እንዲንቀጠቀጡ አድርጌ ጻፍኩት። ልምምድ ላይ እኔንም ያስፈራኝ ጀመር።

በኮንሰርቱ ቀን የባለቤቴን እናት ይዣቸው ሄድኩ። በስፖንሰር ከመጡ ገና ወራቸው ነበር፤ ቤት ብቻቸውን ከሚውሉ ብዬ ነው። ልጆች አለባበስ የሚቀያይሩበት በዓል መሆኑን ነገርኳቸውና ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። መድረኩ ላይ አጽምና ጠንቋይ ተሰልፏል። ቼሎ ተጫዋቿ የሞተች ሙሽራ ሆና፣ ነጭ ቬሎ ለብሳ መጥታለች።

ልጆች መድረክ ላይ ሲደነግጡ እንደሚሮጡ ማሰብ ነበረብኝ። ገና ከመጀመሪያው ፈጠኑ። እጄን እያወረድኩ ቀስ በሉ ብል የሚያየኝ የለም። ጥቂት ቆይቶ ዜማው ትክክለኛ የሠርግ ፍጥነቱን ያዘ፤ ከኋላዬም ጭብጨባ ሰማሁ። የማን እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለገኝም። ወዲያው የባለቤቴ እናት ከወንበራቸው ተነሱና እልልታቸውን አቀለጡት።

ከፊት የተቀመጡት ትንንሾቹ ጮኸው አስተማሪያቸው ላይ ተጠመጠሙ። የአንዱ አጽም ደጋን ከእጁ ወደቀ። ሌሎቹ ይብስ ፈጥነው ጨረሱት። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ።

ፕሪንሲፓሏ እጇን ደረቷ ላይ እንዳደረገች መጥታ፣ ሴትዮዋን ሕዝብ መሃል መደበቄ ድንቅ ሐሳብ ነው አለችኝ። አመሰገንኳት።

መኪና ውስጥ የባለቤቴ እናት፣ "ሙሽራዋ ግን ልጅ አይደለችም እንዴ?" አሉኝ።

"ሙሽራ አይደለችም፣ እማዬ። የሞተች ሙሽራ መስላ ነው።"

አማተቡ። "ሬሳ ላይ ነው እልል ያስባልከኝ?"

በዓመቱ ፕሪንሲፓሏ እንዲመጡላት ስትጠይቅ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለው፣ በመጨረሻ ልጅቷ ሌላ ልብስ ከለበሰች እሺ አሉ። ልጅቷም ዱባ ሆና መጣች። ለዱባዋ ከፊተኛው ዓመት አስበልጠው እልል አሉላት።