የአያ እንዳለው ሰባት ቤት

ቆቦ ላይ ሁለት ወጣቶች ሲፈላለጉ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አያ እንዳለው ዘንድ ይኬዳል። ሰባት ቤት የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው። ከዋጃ እስከ ሮቢት ማን ከማን እንደሚወለድ፣ የትኛው ቤት ክርስቲያን የትኛው እስላም እንደሆነ ተቀምጠው ይዘረዝሩታል። «ትዛመዳላችሁ» ካሉ አለቀ፤ ያለቀሰ አልቅሶ ይለያያል።

ጥሩወርቅ ጎረቤታቸው ናት፤ ከተማው ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ሽማግሌው ስም እየተምታታባቸው ሲመጣ ልቧ አላርፍ አላት። ሰውን ሁሉ እንደ ነጥብ፣ ዝምድናውን እንደ መስመር የሚይዝ ዳታቤዝ አዘጋጀች፤ የሙያው ሰዎች ግራፍ ይሉታል። ክረምቱን ከሥራ መልስ አጠገባቸው እየተቀመጠች፣ እሳቸው ሲቆጥሩ እሷ ስትመዘግብ ከረመች።

አንድ ነገር ግን ሳታስተካክል ቀረች። ዳታቤዙ መረጃውን የት እንደሚያስቀምጥ በቅንብሩ ይነገረዋል፤ ወይ ዲስክ ላይ፣ ወይ ራም ላይ። ራም ፈጣን ነው፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ግን የያዘውን ሁሉ ይረሳል። እሷ ለሙከራ ብላ ራም ላይ አደረገችው። «ነገ እቀይረዋለሁ» አለች፤ ነገ ደግሞ መቼ መጥቶ ያውቃል! ማታ ማታ የላፕቶፑን ክዳን ትዘጋለች እንጂ አታጠፋውም። ተማሪዎቿን በዚሁ ጥፋት ስንቴ ተቆጥታለች፣ ጉደኛ!

የመጨረሻው ቤት በተመዘገበ ማግስት መብራት ሄደ፤ እንደሄደም ሰነበተ። ባትሪው አለቀ። መብራቱ መጥቶ ብትከፍተው አንድም ነጥብ የለም። ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ያን ሁሉ ስም ሽማግሌው ዳግም ባያስታውሱትስ?

እንደምንም ራሷን አበርትታ ሄደች።

«አያ፣ ያ ሁሉ ስም ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለቻቸው ከደጃፉ ቆማ።

አያ እንዳለው መደቡን በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉላት።

«ነይ ተቀመጪ። እኔም ዘንድ የሚረሳ ስም አይታጣም፤ የጎደለውን የእህቴ ልጅ ኡሙሃኒ ትሞላልናለች።»

ጥሩወርቅ መጀመሪያ ቅንብሩን ወደ ዲስክ ቀየረች። የእሳቸውን ስም ብቻ አስገብታ ኮምፒውተሩን አጠፋችው፤ መልሳ ከፈተችው። «እንዳለው» የሚለው ስም እዚያው አለ። እፎይ አለች።

ሽማግሌው ግን ስክሪኑን አላዩትም፤ የሚያዩት እሷን ነበር።

«ያን ዕለት የመጨረሻውን ቤት መዝግበሽ ‹ጨረስን› ስትዪኝ ሆዴ ባብቶ ነበር» አሏት። «ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ምን ያመጣታል ብዬ። በይ ጻፊ፤ ደግሞ እንዳትቸኩዪ።»