ሰባት ደቂቃ ባዶ ቴፕ

ባለቤቴ ቆሻሻ ትሰበስባለች። አትቆጡኝ፤ ሠላሳ ዓመት አብሬያት ስኖር ለዚህ ሥራ ሌላ ስም አጥቼለት ነው። ሬዲዮ ጣቢያዎች የጣሉትን አሮጌ ቴፕ በጆንያ ታመጣለች፣ በአልኮልና በጥጥ ትጠርጋለች፣ በምላጭ ቆርጣ ትቀጥላለች። ከዚያ ሁለት ሰው የሚሸከመው ባለ አራት መስመር መቅጃዋ ላይ፣ በአንዱ መስመር የውሃ ፓምፕ፣ በሌላው የበር ሲጥታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበረች ሙዚቃ ነው ትላለች። እኔ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ጡሩምባ ስሰማ ውዬ ቤቴ ስገባ ፓምፕ ይጠብቀኛል!

ከእኔ የባሰች ደግሞ ታላቅ እህቷ ነበረች፤ እትዬ እንላታለን። "ሚጢዬ፣ ይሄ ነገርሽ እኮ ውሻ ያስጮሃል" ትላት ነበር፣ ፊት ለፊቷ። እትዬ ሃያ ስድስት ዓመት በአውቶቡስ መነኻሪያ ድምፅ ማጉያ ላይ መነሻ ሰዓት ስትጠራ የኖረች ናት። እኛ ሾፌሮች ሞተር የምናስነሳው በእሷ ድምፅ ነበር። አቤት ድምፅ! ስታዝህ እንኳ ደስ ይልሃል።

የዛሬ ስንት ዓመት፣ ስልክ ገና ከግድግዳ ሳይወርድ፣ እትዬ ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኘባት። ሐኪሙ አልሸፋፈነም። "እርስዎ ይተርፋሉ፤ ድምፅዎ ግን አይተርፍም" አላት። ያን ዕለት ማታ ቤታችን መጣች፣ ሳትቀመጥ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል፣ "ሚጢዬ፣ ከዚያ ጩኸትሽ ውስጥ አንድ ጥግ ስጪኝ" አለቻት። ባለቤቴ ጓዳ ገብታ ቴፕ ትመርጥ ጀመር።

ድምፅዋን የመቅዳቱ ቀጠሮ ሐሙስ ጠዋት ሆነ። እትዬ ከቀትር በኋላ ሆስፒታል ትገባለች፣ በማግስቱ ቢላዋ ነው። እኔ ፈቃድ ወስጄ ቀርቻለሁ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ባለቤቴ ለእትዬ ብላ ያዘጋጀችው ቴፕ ማሽኑ ውስጥ ይንጫጫ ጀመር። አሮጌ ቴፕ አመሉ ይሄ ነው፤ ይሞቃል፣ ይጣበቃል፣ ቡናማ ዱቄቱ ይረግፋል። አወጣችው፣ አጸዳችው፣ መለሰችው፣ ጭራሽ ተበጠሰ።

"በካሴት ቅጂያት" አልኳት።

"የካሴቱን ሞተር ለዚህ ማሽን አውጥቼዋለሁ።"

"የቤታችንን ካሴት?! መቼ?"

"አሁን የምትጮህበት ሰዓት ነው?" አለችኝ። ልክ ናት፤ አልነበረም።

የቀራት አንድ ደህና ቴፕ ነበር፤ እሱ ላይ ደግሞ ሥራዋ አለ። ስለ እሱ ሥራ ልንገራችሁ። ሰው ከመናገሩ በፊት ትንሽ ትንፋሽ ይስባል አይደል? ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተጣሉ ቴፖች ውስጥ የዜና አንባቢዎችን ትንፋሽ ብቻ እየለየች ስትቆርጥ ኖራለች። አራት መቶ ትንፋሽ። እነሱን ቀጥላ፣ ፓምፑና በሩ ካሉባቸው ከሦስቱ መስመሮች ጎን፣ አራተኛው መስመር ላይ ገለበጠቻቸው፤ ቁርጥራጮቹ ከዚያ በኋላ ረግፈው ተጣሉ። ስምንት ደቂቃ ወጣው። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ሰው ሰምቶ አብዷል፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስደው፣ ሊያሰማው። በሕይወቷ ሥራዋን ስጪኝ ያላት የመጀመሪያው ሰው ነው።

ከሥራው ፊት ለመግቢያ ብላ የተወችው ሰባት ደቂቃ ባዶ ቴፕ ነበር። ችግሩ፣ ማሽኑ አርጅቶ ሦስቱ መስመሮች ማሰማት እንጂ መቅዳት ትተዋል። የሚቀዳው አራተኛው ብቻ ነው። ሲቀዳ ደግሞ በዚያ መስመር ላይ ያገኘውን ሁሉ እያጠፋ ይሄዳል።

"ሰባት ደቂቃ ይበቃታል" አለች። "አንተ ሰዓት ያዝ። ሰባት ሲሞላ እጅህን አንሣ፣ አቆመዋለሁ። ከኋላው ምን እንዳለ ደግሞ እንዳትነግራት፤ ከፈራች አትናገርም።"

እትዬ መጣች። ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ አመማት መሰለኝ ፊቷ ተጨማደደ። "አንተ ሾፌር፣ ዛሬ እንኳ እንዳታረፍድ" ብላ ቀለደችብኝ። ሰባት ደቂቃ እንዳላት ተነግሯታል። ማሽኑ ዞረ።

መነሻ ሰዓቶች ጠራች። የአንድ ሰዓት፣ የአንድ ተኩል፣ የሁለት፣ ሳትሳሳት፣ ወረቀት ሳትይዝ። በአምስተኛው ደቂቃ ድምፅዋ ሻከረ። በስድስተኛው ዝም አለች፤ ተመስገን፣ አበቃች አልኩ። አይኗን ጨፈነችና ማንጎራጎር ጀመረች። ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው። ባለቤቴ ክው ስትል አየኋት። እናታቸው የሌሊት ሥራ ስታድር፣ እትዬ በአሥር ዓመቷ ትንሿን የምታስተኛበት ዜማ ነው፤ ኋላ ነገረችኝ።

ሰባት ሞላ። እጄን አነሣሁ።

ባለቤቴ አየችኝ። ጣቷ ማቆሚያው ላይ ነው፣ አልተጫነችውም። እጄን አወናጨፍኩ። ኧረ በፈጠረሽ! ስምንት። ያ ጥቅል እየዞረ ትንፋሾቹን አንድ በአንድ ሲበላ ይታየኛል፤ የሁለት ዓመት ምሽት፣ ዓይኗ ደም እስኪመስል ያጎነበሰችበት። ዘጠኝ። ደሜ ፈላ፣ ተነሣሁና እጄን ወደ ማሽኑ ሰደድኩ። አንጓዬን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባብኝ እላችኋለሁ! ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ ድምፅ እንዳይሰማ ግን አፍንጫዋን እንኳ አልሳበችም። አሥር። አሥራ ሁለት። እኔም እግሬን ማንሣት ፈርቼ እንደቆምኩ ቀረሁ።

በአሥራ አራተኛው ደቂቃ እትዬ አበቃች። አይኗን ገለጠች።

"አበዛሁት እንዴ?"

"ኧረ ምንም አላበዛሽ" አለቻት ባለቤቴ። ያኔ ማቆሚያውን ተጫነችው።

እትዬን ሆስፒታል አድርሰን ተመለስን። ተናድጄ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ቅዳሜ የጣቢያው ሰው መጣ። "አልደረሰም" አለችው በር ላይ። "በሌላ ጊዜ" ብሎ ሄደ፤ ያ ሌላ ጊዜ እስከ ዛሬ አልመጣም።

በወሩ እትዬ ቤታችን ገባች፣ አንገቷ ላይ ቀዳዳ፣ እጇ ላይ ትንሽ ደብተርና እስክርቢቶ ይዛ። ባለቤቴ ቴፑን አሰማቻት። መነሻ ሰዓቶቹን ስትሰማ እትዬ ፈገግ አለች። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ግን ከዜማዋ ሥር ፓምፑና በሩ ከሌሎቹ መስመሮች ገቡ፤ እትዬ ጆሮዋን አቀናች። ሞኝ አይደለችም። ደብተሯን ስባ ጻፈች።

"ከዚህ ወዲያ፣ የእኔ ድምፅ ባለበት ቦታ፣ ቀድሞ ምን ነበር?"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ቀደመችኝ።

"ምንም። ባዶ ነበር።"

እትዬ እህቷን ትንሽ አየቻት፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጻፈችና ደብተሩን ወደ እሷ ገፋችው። "እንኳን ሞላሁልሽ" ይላል። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቀች ነበር፣ ድምፅ የለውም እንጂ።

"እንኳን" አለቻት ባለቤቴ።