የወይዘሮ በላይነሽ ጨው አልባ ድስት

ወይዘሮ በላይነሽ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ዓርብ ከቀትር በኋላ በየካ ሚካኤል ቀብረናቸው ተመለስን። ከማረፋቸው በፊት በነበረው ቀን እንኳ ካራ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ያለውን አንድ ገበሬ በማንኪያ ሲመግቡ ውለው ነበር። የራሳቸው ሰፈር ሕመምተኛ እያለ ለምን ያን ሁሉ መንገድ እንደሚሄዱ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ያወቃችሁት ግን ልክ አይደለም።

ቀብሩ ላይ ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ያንን አናጢ በጉርሻ ያነቁት እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አለች። «ኧረ ዝም በይ፣ መቃብር ላይ!» አለቻት ጓደኛዋ። አናጢው አባቴ ናቸው። ዞር ብዬ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ አፌን መልሼ ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥም መተኛትም እምቢ ብሎኛል። ይህንንም የምጽፈው አንድ አንድ መስመር እየጻፍኩ፣ ግቢውን እየዞርኩ ነው። የእሳቸውን ስም የማጽዳት ዕዳ ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚያውቅ በሕይወት የለም።

ወይዘሮ በላይነሽ በወጣትነታቸው በአንድ ሆስፒታል ወጥ ቤት ሽንኩርት ላጭ ሆነው ገቡ። ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን አንዱ በሽተኛ ለምን ጨው እንደሚከለከል፣ ሌላው ለምን ቅቤ እንደማይቀርብለት ነርሶቹን ሳይጠይቁ የሚያልፉበት ቀን አልነበረም። ሥራውን ሲለምዱት የደም ብዛት ያለባቸው ሕሙማን ድስት ለእሳቸው ተሰጠ። ድስቶቹ እንዳይቀያየሩባቸው በእጀታቸው ላይ ክር ያስሩ ነበር፤ ነጭ ክር የታሰረበት ጨው የለውም። አዲስ ሠራተኛ በነጩ ክር ድስት ላይ ቁንጥር ጨው ስትጨምር ካዩ ድስቱን ሙሉ ይደፉትና እንደገና ይጥዱ ነበር። «ጨው ሲወጣ ቦታውን ባዶ አትተዉት» ይሉ ነበር፤ «ነጭ ሽንኩርት ይግባ፣ ዝንጅብል ይግባ፣ ኮሰረት ይግባ፣ ሎሚ ይጨመቅ። ሰው ካልጣመው አይበላም፤ ካልበላ ደግሞ አይነሣም።» ቁጭ ብለው ሲሠሩ ያያቸው ሰው የለም። ቁጭ ይበሉ ሲባሉ «እግሬ ይቆጣኛል» ብለው ይስቃሉ።

አባቴ ከእንጦጦ በሚወርድ ባሕር ዛፍ የበርና የመስኮት ሥራ የሚሠሩ፣ ክንደ ብርቱ ሰው ነበሩ። ሐኪም ደም ብዛት እንዳለባቸው ከነገራቸው በኋላም በወረቀት የተጠቀለለ ጨውና በርበሬ ከኮታቸው ኪስ አይለይም ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ በደጃችን ባለፉ ቁጥር ይቆማሉ። «ጋሼ ወልዴ፣ ጨው እኮ ለከብት ይጣላል እንጂ በኪስ አይዞርም!» ይላሉ። አባቴም «እንግዲህ እንደ ከብቱ ጉልበቴን ልጠብቅ ብዬ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁላችንም እንስቅ ነበር። ያ ሳቅ ዛሬ ያናድደኛል።

ያን ዓመት ፋሲካ ዶሮው፣ ጥሬ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ጠጁ ሁለት ቀን ሳያቋርጥ ቀረበ። ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ከመሥሪያ ጠረጴዛቸው ፊት እንደቆሙ መላጊያው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ ራሳቸውም ወደቁ። አፋቸው ተጣሞ፣ ቃል ጠፍቷቸው ነበር። ጎረቤቱ «ምች ነው» አለ። እናቴ ዳማከሴ አሽታ እንደተኙ ልታጠጣቸው ስትል ወይዘሮ በላይነሽ እየሮጡ ገብተው እጇን ያዙ። «ምች አይደለም፤ ደሙ ጭንቅላታቸው ላይ ወጥቶ ነው! ምንም አታጠጪያቸው፤ መዋጥ አይችሉም። ታክሲ ጥሩ!» ብለው ጮኹ። ሐኪሞቹም የተጎዳው የአንጎል የደም ሥር ነው አሉ።

አባቴ ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ሰንፈው፣ ከአንደበታቸው ከ«እህ» በቀር ቃል አይወጣም ነበር። ወይዘሮ በላይነሽ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት ይመጡ ጀመር። ማንም አልለመናቸውም። አባቴን ቀጥ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ አገጫቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በትንሽ ማንኪያ በደህናው ጎን ያቀምሷቸዋል። ከዚያ ጉሮሯቸው ከፍ ዝቅ እስኪል ይጠብቃሉ፤ ጉንጫቸው ውስጥ የቀረ እንደሆነ ይፈትሻሉ። በአባቴ ፊት ብቻ ነበር የሚረጋጉት። ወፍራም የገብስ አጥሚት፣ የተፈጨ ምስር፣ ድቅቅ ያለ ጎመን፣ እንቁላልና ወተት ይመግቧቸው ነበር። የሰኔ ጾም ሲገባ እናቴ ወተቱን ብታስቀር፣ በዝናብ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጥተው የንስሐ አባታችንን ይዘው ወረዱ። ቄሱ አባቴን አይተው «ይህማ በሽተኛ ነው፤ ይጠጣ» አሉ። የአባቴ ክብደት ተመለሰ፤ ማንኪያ በግራ እጃቸው ያዙ፤ «ውሃ» አሉ። እናቴ እልል አለች።

ከሁሉ ያስቸገረው ግን የጠያቂው ፍቅር ነበር። የሚመጣው ሰው ሁሉ ምግብ ይዞ ይመጣል፤ ካላጎረሰ የጠየቀ አይመስለውም። ወይዘሮ በላይነሽ ጉርሻ ከለከሉ። «እጃችሁ ቡሩክ ነው፤ እሳቸው ግን መዋጥ ገና እየተማሩ ነው» ቢሉም ብዙዎች ተቀየሙ። እትዬ ጫልቱ የምትባል ጎረቤታችን «በወልዴ ቤት አዛዥ መጣብን» ብላ አኩርፋ ወጣች።

እኔም አኩርፌ ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነበርኩ፤ ትዕግሥት ግን ከእኔ ጋር አልተፈጠረም። እውነቱን ልናገር፤ ቀንቼባቸው ነበር። አባቴ የእኔን ማንኪያ እየገፉ የወይዘሮ በላይነሽን ሲያዩ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር።

በሐምሌ ማርያም ዕለት ወይዘሮ በላይነሽ እንጦጦ ሄዱ። እትዬ ጫልቱ ኩርፊያዋን ትታ ዶሮ ወጥ አምጥታ ከእናቴ ጋር ወደ ጓሮ ዞረች። ሽታው ሲደርሳቸው አባቴ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አባዬ፣ አንዲት ብቻ» ብዬ ትንሽ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው። አላመጡ፤ ዋጡ፤ በግማሽ ፊታቸው ሳቁልኝ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ጉርሻ ደግሞ አንድ ላይ ማቆም ነውር ነው፤ ደገምኩ። ሁለተኛውን ተለቅ አደረግሁት።

አባቴ ትን አላቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ስጮህ ቀድመው የደረሱት፣ ከእንጦጦ ወርደው ገና በሩን እያለፉ የነበሩት ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። አባቴን ወደ ፊት ደፍተው ጀርባቸውን መቱ፣ ጉርሻውን በጣታቸው ከአፋቸው አወጡ። አባቴ ተነፈሱ። በዚያች ቅጽበት ወይዘሮ በላይነሽ ወጥ የነካ እጄን አዩና በዝናብ በራሰው ነጠላቸው ጠረጉልኝ። እናቴ ከጓሮ ስትደርስ «ማን ነው ያነቀብኝ?» ብላ ጮኸች።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ይችላሉ ብዬ አጎረስኳቸው።»

«እኛን ከልክላ እሷ ታጎርሳለች!» አለች እትዬ ጫልቱ። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

አባቴ ምግቡ ሳንባቸው ደርሶ ታመው እንደገና ሆስፒታል ገቡ፤ የሦስት ወር ድካም በአንድ ቀን ጠፋ። እናቴ ወይዘሮ በላይነሽን ከቤት ከለከለች። ወሬው በአንድ ሳምንት ኮተቤ ደረሰ። ልናዘዝ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። እሳቸው ግን ጎመን እየቀነጠሱ፣ «ዝም በይ፣ አልማዝ። እኔ የሌላ ቤት ሰው ነኝ፤ ቢዘጉብኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንቺን እናትሽ ብትዘጋብሽ የት ትገቢያለሽ? ይልቅ ነገሩን ተይና ምን እንደምትመግቢያቸው ልንገርሽ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። «ዛሬ ምን በሉ? አሳላቸው? ከበሉ በኋላ ድምፃቸው ውሃ የያዘ ይመስላል?» እያሉ ከጎኔ ይራመዳሉ፤ ሰፈራችን ሲቀርብ ሰው እንዳያየን ይመለሳሉ። እኔ የነገሩኝን አደረግሁ። አባቴ በዱላ ተራመዱ፤ ጥቂት ቃላት ተመለሱላቸው፤ ሦስት ዓመትም ኖሩ። ሰፈሩ «አባቷን ያዳነች ልጅ» አለኝ። ምርቃቱንም ተቀበልኩ።

ከእነዚያ ጥቂት ቃላት አባቴ አንዱን ዐረፍተ ነገር ለወይዘሮ በላይነሽ አዋሉት። ቤቱ ጠያቂ ሞልቶበት ወሬው ሲነሣ፣ ግራ እጃቸውን አንሥተው «እሷ… አይደለችም» አሉ። ሰዉ «ምስኪን፣ ሰው መለየት አቅቷቸዋል» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ማንኪያውን ይዤ ነበር። «አባዬ፣ ይዋጡ» አልኳቸው።

በዚያው ዓመት የመንገዳችን ባለሱቅ እንደ አባቴ ወደቀ። ወይዘሮ በላይነሽ ሲደርሱ ቤተሰቡ በር ላይ መለሳቸው፤ ሰውየውን በጀርባው አስተኝተው ማር በውሃ ሲያጠጡት ነበር። በሳምንቱ ሞተ። ቢያስገቧቸው ይድን ነበር አልልም፤ አላውቅም። የማውቀው እንዲመለሱ ያደረገው የእኔ ዝምታ እንደሆነ ነው። ካራ ድረስ በእግራቸው መሄድ የጀመሩትም ከዚያ ወዲህ ነው፤ ወሬው ያልደረሰበት ቦታ ፍለጋ።

እትዬ በላይነሽ፣ በሕይወት ሳሉ ልመልስልዎ የሚገባኝን ስም ከሞቱ በኋላ ይዤ መጣሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ፤ እርስዎ ያኔውኑ ይቅር ብለውኝ ነበርና፣ እኔም በይቅርታዎ ተደብቄ ኖርኩ። እናቴ ዛሬም ስምዎ ሲነሣ ፊቷን ታዞራለች፤ ዓርብ ለቀብርዎም አልወጣችም። አሁን ጓዳ ውስጥ ምስር ትለቅማለች። ይህን ወረቀት ለማንም ከመስጠቴ በፊት ለእሷ አነብላታለሁ፤ ማንበብ ስለማትችል ከእኔው አፍ ትሰማዋለች። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። በሰላም ዕረፉ፣ እትዬ፤ እኔ ወደ ጓዳው መግባቴ ነው።