ፊልም ይዤ ወደ ዘይነባ ቤት

ራሳችሁ ባስተማራችሁት ትምህርት ወድቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ቅዳሜ ወድቄያለሁ።

ባሕር ዳር ውስጥ አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዬ ዘይነባ ትምህርት ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆናት። ቤተሰቧ ጣና ዳር የደንገል ታንኳ እየሠራና ዓሣ እያጠመደ ይኖራል፤ ብዙ ሰው ከነሱ ጋር አብሮ አይበላም። የክፍሏ ልጆችም ይህንኑ ከቤታቸው ይዘው መጥተው አብረናት አንቀመጥም አሉ። አባቷን አግባብቼ ልመልሳት አሰብሁ። ስለ ጓደኝነት የሚናገር የካርቱን ፊልም ላፕቶፔ ላይ ጫንሁና ተነሣሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ዓባይ ማዶ

ባጃጁ ኮብልስቶኑ እስከሚያልቅበት ድረስ በሃምሳ ብር አደረሰኝ። ከዚያ ወዲያ ጭቃ ስለሆነ ሾፌሩ አልገባም አለ። ግማሽ ሰዓት በእግሬ ሄድሁ። ሰማዩ ጠቁሯል። የሐይቁን ዳር እምቦጭ የሚባለው አረም ስለሸፈነው ውኃው ከሩቅ የሣር ሜዳ ይመስላል።

አራት ሰዓት ገደማ፣ ዘይነባ ቤት

አባቷ ጋሽ ኑሩ ደጃፍ ላይ ደንገል ሲያስሩ አገኘኋቸው። “ለመምህር ወንበር አምጡ!” አሉ። ላፕቶፑን የለስላሳ ሣጥን ላይ አስቀምጬ ከዘይነባና ከቤተሰቧ ጋር ከበን ተቀመጥን።

ፊልሙ የተራራ ልጅ የሆነች ሴትና የሐይቅ ልጅ የሆነ ወንድ እንዴት ጓደኛ እንደሆኑ የሚናገር ነው። ቋንቋቸው፣ ልብሳቸው፣ ምግባቸው ይለያያል። ይህን ለማስረዳት ፊልሙን ሦስት ጊዜ አቆምሁት።

“መምህር፣ ይተዉት ይሂድ፤ ገብቶናል” አለች ዘይነባ። ሁሉም ሳቁ።

የተራራዋ ልጅ በሐይቁ ልጅ ቤት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ስትጎርስ ግን አሁንም አቆምሁ። “አያችሁ? ጓደኝነቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።”

ወዲያው የዘይነባ እናት የተጠበሰ ዓሣ በእንጀራ አቀረቡ። “ይብሉ እንጂ መምህር፣ መንገድ መጥተዋል።”

“ኧረ ጠግቤያለሁ! አሁን በልቼ ነው የመጣሁት።”

ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም ነበር። ሳላስበው ነው የወጣኝ፤ ትልልቆቹ እንዲህ ባለ ቤት ሲሉት እየሰማሁ ያደግሁት ማምለጫ ነው።

ጋሽ ኑሩ ፈገግ አሉ። “እዚህ ቤት የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ጠግቦ ነው የሚመጣ። አገሩ ጥጋብ ነው ማለት ነው!”

“እሺ፣ ትንሽ ልቅመስ” ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

“ግድ የለም፣ አይጨነቁ” አሉ እናቷ ሳህኑን እያነሡ።

ስለ ትምህርቷ ሳነሣ ጋሽ ኑሩ ወደ ልጃቸው ዞሩ። “እኔ አላስቀረኋትም፤ እሷ ትንገርዎት።”

ዘይነባ ላፕቶፑን ከድና በሁለት እጇ ሰጠችኝ። “ፊልሙ ጥሩ ነው መምህር። ለእነዚያ ለክፍሉ ልጆች ያሳዩ።”

“ሰኞ ትመጫለሽ?”

“አልመጣም።”

ሰባት ሰዓት፣ ቤቴ

ዝናብ እየደበደበኝ ተመለስሁ።

ሰኞ፣ ክፍል ውስጥ

ፊልሙን ለተማሪዎቼ አሳየሁ፤ ልጆቹ ወደዱት፣ አጨበጨቡ። የዘይነባ ቦታ ባዶ ነው። ስለ ተራራዋ ልጅ ጉርሻ አሳምሬ ማስረዳት ችያለሁ፤ ጉርሻው ወደ እኔ ሲመጣ ግን ከተማሪዎቼ አልተሻልሁም።

በቤቱ በልታችሁ የማታውቁበት ጎረቤት ካላችሁ በዚህ ሳምንት ሂዱ። ፊልም አትያዙ፤ ምንም አታስረዱ። ምግቡ ሲቀርብ እጃችሁን ታጥባችሁ ብሉ።