የጽጌረዳችን እባጭ

ሰፈራችን ለልማት ይነሳል ሲባል እማዬ ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። የጠየቀችኝ ስለ ጽጌረዳዋ ብቻ ነው። «አንቺ ባለሙያ አይደለሽ? እንዴት አድርገን ነው የምንወስዳት?» ደንዝዤ ነበርና «እናያለን» አልኳት። የዚያን ሰሞን ለሁሉም ነገር መልሴ «እናያለን» ነበር። ጎረቤት ተቃቅፎ ሲላቀስ እንኳ የማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር።

ጽጌረዳዋ እሪ በከንቱ ካለው ቤታችን በር ላይ ናት፤ የተከላት አባዬ ነው። ክረምት ክረምት ከፒያሳ ቁልቁል ጭቃውን ሲያቦካ ይመጣና ከመግባቱ በፊት ጫማውን ግንዷ ላይ መታ መታ አድርጎ ያራግፋል። እማዬ «ኧረ ድንጋይ ጠፋ!» ስትለው «እሷ ትችለኛለች» ይላል። እሱ ካረፈ ወዲህ የሚመታት የለም። ጫማው ያርፍበት የነበረው ቦታ ግን ቡጢ የሚያህል እባጭ አውጥቷል፤ ጥቁር፣ ሻካራ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚፈረፈር። እማዬ «ቋጠሮዋ» ትለዋለች። የግቢው ሴቶች ሁሉ ጉልበቷ እዚያ ነው ብለው ያምናሉ፤ ቅርንጫፍ ሲለምኑም «እባክሽ ከነቋጠሮው» ነው የሚሉት።

እኔ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ እንጀራዬም ያንን እባጭ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አፈር ውስጥ ይኖርና ተክል እስኪቆስል ጠብቆ ይገባል። ከዋናው ዲኤንኤ የተለየ፣ ፕላስሚድ የሚባል ትንሽ ቀለበት ይዟል፤ ከእሱ ላይ ቁራጭ ወስዶ ተክሉ ሴል ውስጥ ይሰካል። ከዚያማ አለቀ። ተክሉ ራሱ እያበጠ ለባክቴሪያው ቀለብ ይሠራለታል። ባክቴሪያውን ብንገድለው እንኳ የተሰካው አይወጣም፣ የተክሉ የራሱ ሆኗል። እኛ በሽታ አምጪውን ቁራጭ አውጥተን የምንፈልገውን ዘረ መል እንጭንበታለን። ጥሩ ተላላኪ ነው፣ የሰጡትን ያደርሳል።

እንግዲህ ቁስሉን የከፈተው የአባዬ ጫማ፣ ባክቴሪያውን ያመጣውም ጭቃው ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም። «ባልሽ ነው ያሳመማት» ይባላል እንዴ?

የምንለቅ ቀን ጠዋት እማዬን ቢላ ይዛ ቋጠሮዋ ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። «ተይ! በሽታ ነው እሱ!» ብዬ ጮህኩባት። ቢላውን ተቀብዬ በበረኪና አጠብኩና ከእባጩ ከራቀው ለምለም ጫፍ ጥቂት ቅርንጫፎች ቆረጥኩ። እሷ ጉልበቷን አራግፋ ተነሳች። ከሰዓት በኋላ እስካቫተሩ መጣ። ጽጌረዳዋን ከነሥሯ ሲያነሳት እዚያው ቆሜ አየሁ። ምንም አልተሰማኝም። ከጎረቤት ሻይ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ።

አሁን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነን። ከቆረጥኳቸው አንዷ በረንዳው ላይ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጸደቀች። ቅጠል ስታወጣ አፈሩን ገለጥ አድርጌ እግሯን አየሁ፤ ለስላሳ ነው። ከስንት ወር በኋላ ደስ አለኝ፣ ትንሽ። እማዬን ጠርቼ «ይኸው፣ አንድም እባጭ የላትም፣ ንጹሕ ናት» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ግንዷን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ዳበሰች። ደግማ ዳበሰች።

«ንጹሕስ ናት» አለች፤ «አባትሽ የለባትም እንጂ።»

ውኃ አጠጥታት ገባች።

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ሲዘንብ ነበር፤ ጫማዬ ጭቃ ይዟል። ሳላወልቅ በቀጥታ ወደ በረንዳው ወጣሁና ቆርቆሮው ፊት ቆምኩ። እግሬን አነሳሁ። ግንዷ ከትንሿ ጣቴ ትቀጥናለች። እንዴት ትችለኛለች? እግሬን መልሼ አወረድኩት። እማዬ ከውስጥ እያየችኝ ነበር፤ የበረንዳውን ጭቃ ጥረጊ አላለችኝም።