የባል ስም በዳባርፑራ ምርጫ

በእኛ በህንዷ መንደር በዳባርፑራ ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። ፉልመቲም ባሏን ባጊራትን በልጃቸው ስም «የሱግና አባት» ከማለት በቀር በስሙ ጠርታው አታውቅም። ጉዱ ግን ከዚሁ የምርጫ ክልል በተከታታይ አራት ጊዜ ለግዛቱ ምክር ቤት የተመረጠው ሰውዬም ስሙ ባጊራት ነው። ድምፅ ሲፈልግ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ ይላል፤ ከተመረጠ በኋላ የበላው ጅብ አይጮህም።

ዘንድሮ ሴቶቹ ባዶ እንስራቸውን ተሸክመው ሰልፍ ወጡ። ሌሎቹ «ባጊራት ይውረድ!» ሲሉ ፉልመቲ ከፊት ሆና ጉሮሮዋ እስኪደርቅ «የሱግና አባት ይውረድ!» ትል ጀመር። ሴቶቹ ሳቁና እሱኑ ተቀበሏት።

ድምፁ ተቆጥሮ ሰውዬው ሲሸነፍ፣ መንደሩ «የሱግና አባት ወደቀ!» እያለ በፉልመቲ ደጃፍ ጨፈረ።

ፉልመቲ ከውሃ ስትመለስ ባሏ ፊቱ ተለዋውጦ ጠበቃት።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ምን በደልኩሽ? አገሩ ሁሉ ወደቀ አለኝ እኮ!»

«ምን ያስቆጣዎታል?» አለች እንስራዋን እያወረደች። «ያንን ተመራጭ እንኳ በየአምስት ዓመቱ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እርስዎን ሳገባ ማን ጠየቀኝ?»