አኩራፊው ሕፃን

ለማስተማር ሮቤ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት አንዲት ባለሱቅ ግቢ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ለሕፃኑ ቅጽል ስም አወጣለት፦ «አኩራፊው»። ማንም ጎንበስ ብሎ ሲያጫውተው ፊቱ ወደ ግራ እንደዞረ ነው። እኔም «ምን በደልንህ የኔ ጌታ?» እያልኩ እስቅ ነበር።

እናቱ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን ጠራችኝና «የግራ ጡቴን ስሰጠው እምቢ ይላል፤ ራሱም ወደ ቀኝ ትከሻው ዘመም ይላል። ሳስተኛው አቃናዋለሁ፣ መልሶ ያው ነው» አለችኝ። አብረዋት የሚኖሩት አሮጊት አማቷ «ሲያድግ ይስተካከላል» አሉ። ጎረቤቱም እንደዚያው። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሱቋን ዘጋችና ልጇን ታቅፋ ጎባ ሆስፒታል ሄደች፤ እኔም አብሬያት።

የሆስፒታሉ ባለሙያ አንገቱን ዳሰሰች። «የቀኙ ጡንቻ አጥሯል። ቶሎ ስላመጣሽው በማፍታታት ይመለሳል። ችላ ካልሽው ግን አንገቱ እንደጠመመ ሊቀር፣ ኦፕራሲዮንም ሊያስፈልገው ይችላል» አለቻትና ፊቱን ቀስ አድርጋ ወደ ቀኝ እንዴት እንደምታዞረው አሳየቻት።

ኧረ እንዲህ ያለ ጽናት የት አለ! ዳይፐር በቀየረች ቁጥር ታፍታታዋለች። ልጁ ሲጮኽ አማቷ «ምን ዓይነት እናት ነሽ? ልትሰብሪው ነው እንዴ!» ይሏታል። ከንፈሯን ነክሳ ትቀጥላለች። ሱቁንም ገለባበጠችው፤ ከረሜላውን፣ ፊኛውን፣ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ልጁ ከሚተኛበት በስተቀኝ ሰቀለችው። ደንበኛውም በቀኝ በኩል ቆሞ እንዲያጫውተው አዘዘች። የዚህ አገር ሰላምታ ደግሞ ቶሎ አያልቅም፤ «አካም ጅርታ? ከብቱስ? ገብሱስ?» ይህ ሁሉ በቀኝ! አንድ የባጃጅ ሹፌር በግራ መጥቶ ሲያባብለው ንዴቴ መጣና «በዚያ ዙር እንጂ፣ ዓይንህ አያይም?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ምነው ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ ያለን መሰለዎት እንዴ?» አለና እየሳቀ ዞረ።

እኔ በሷ ቦታ ብሆን በሳምንቱ እተወው ነበር። ልጄ እየጮኸ፣ አማቴ እየተቆጡ፣ ሰው እየታዘበኝ? አልችለውም። እሷ ቻለችው።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጠዋት አማቷ በቀኝ በኩል ገቡና «ነጋን ቡልቴ? ደህና አደርክ?» አሉት። ሕፃኑ አገጩ ቀኝ ትከሻው ላይ እስኪደርስ ዞሮ ሳቀላቸው። ማንም አልያዘውም። እናቱ ስኳር እየመዘነች ነበር። «አልሐምዱሊላህ!» አለችና ጆንያው ላይ ዘጭ ብላ ተንሰቀሰቀች። በዚያ ሁሉ ወራት ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

የታላቅን እጅ የሚስመው ታናሽ ነው። አሮጊቷ ግን ጎንበስ ብለው የምራታቸውን ሁለት እጆች ሳሙ።